ከሥዕሉ ላይ የጠፋችው ጨረቃ

ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከኤልም ፎርክ ቤተ መጻሕፍት ወደ ፖሊስ ጣቢያ ተደወለና ጨረቃ ተሰርቃለች ተባለ።

ስልኩን ያነሳው መርማሪ ሌላንድ ኦስቢ ነበር። ሌላንድ በሃያ ሦስት ዓመት አገልግሎቱ ያላየው ሌብነት አልነበረም። ትራክተር ተሰርቆ አይቷል፤ ንብ ከነቀፎው ተሰርቆ አይቷል፤ አንድ ጊዜማ የእንጨት ድልድይ ተነቃቅሎ፣ ተጭኖ ሄዶ፣ ጠዋት ወንዙ ብቻውን ቀርቶ ሲያፍር አይቷል። ጨረቃ ግን አዲስ ነገር ሆነበት።

«የትኛዋ ጨረቃ?» ሲል ጠየቀ።

«የቴክላ ናታ! ሌላ ጨረቃ አለችን እንዴ?» አለችው የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ማርዴል ሺፍ። ከኋላዋ አንድ ወንድ «ተሰርቃለች በይው!» እያለ ይጮኽ ነበር።

ወሩ ሚያዝያ ነው። በዚያ በዊስኮንሲን ሸለቆ ሚያዝያ ሲገባ ጉሙ ከወንዙ ይነሳና ከተማውን ይውጠዋል። ፖስተኛው ቤት መፈለግ ሲያታክተው ደብዳቤውን ጉሙ ላይ ሰክቶ ይሄዳል፤ ረፋዱ ላይ ጉሙ ሲገፈፍ ደብዳቤው የሚወርደው በባለቤቱ ደጃፍ ላይ ነው። እስካሁን አንድም ተሳስቶ አያውቅም። ሌላንድ በዚያ ጉም ውስጥ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ እየተራመደ ቤተ መጻሕፍቱን በአፍንጫው አገኘው።

ውስጥ ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ቆመዋል። ማርዴል አለች። የቦርዱ ሊቀ መንበር ዋርድ ሆክስትራ አለ፤ ሰባ ዓመት ያለፈው፣ ድምፁ ከሰውነቱ ቀድሞ በር የሚገባ ሰው ነው። ሦስተኛው ከኒውዮርክ የጨረታ ቤት የመጣው ገማች ጁልየን ፕራት ነው፤ በገበሬ ከተማ ውስጥ የሐር ስካርፍ ያደረገ ብቸኛ ወንድ እሱ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ግማሹ መጠቅለያ የተገለጠለት ሥዕል ተጋድሟል።

ሌላንድ ሥዕሉን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። መስክ ላይ ግድግዳ የሌላቸው ሦስት በሮች ለየብቻቸው ቆመዋል። አንዲት ጥቁርና ነጭ ላም አንኳኩታ መልስ እንደምትጠብቅ እንግዳ መካከለኛውን በር ታያለች። ከላይ ሙሉ ጨረቃ ነበረች። አሁን የለችም። ሰማዩ ባዶ ሰማያዊ ነው።

የገረመው ግን ሌላ ነው። የላሚቱ ጥላ እንዳለ አለ። የበሮቹም ጥላ አለ፤ ሣሩም ብርማ እንደሆነ ነው። ብርሃኑ እዚያው ቀርቶ መብራቷ ብቻ ሄዳለች። ሌላንድ ትክ ብሎ ሲያይ እግሩ ሥር ያለው ወለል የራሰ ሣር የሆነ መሰለውና ጫማውን አየ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት ነገር ነው» አለ ዋርድ፤ «ዛሬ ሳየው ግን ራቁቱን የቆመ ሰው ያየሁ ያህል ነው የደነገጥኩት።»

---

ቴክላ ሩድ እዚያው ኤልም ፎርክ ተወልዳ፣ እዚያው አርጅታ፣ እዚያው የሞተች ሠዓሊ ናት። የምትኖረው በተዘጋ የአይብ ፋብሪካ ውስጥ ነበር። አብረዋት የሚኖሩትን ድመቶች ቁጥር የሚያውቅ አልነበረም፤ ድመቶቹም አያውቁትም። አንድ ጊዜ ቺካጎ ሄዳ «እዚያ ያለው አልጋ ሕልም የለውም» ብላ በሦስተኛው ቀን ተመለሰች። የምትስለው ሕልም ነበር፦ ደረጃ የሚወጣ ወንበር፣ እጇን ትታ ለብቻዋ የምትሄድ ጓንት። የተማሩት ይህን ሰርሪያሊዝም ይሉታል፤ ኤልም ፎርክ ግን «የቴክላ ነገር» ይለዋል። ሥዕሏን በገንዘብ የገዛ ብዙም አልነበረም። ለጥርስ ሐኪሙ ሥዕል ሰጥታ ሁለት ጥርስ አስነቅላለች። ለጎማ ነጋዴው ሰጥታ አራት ጎማ ወስዳለች፤ መኪና ግን አልነበራትም።

ከሞተች ከሠላሳ ዓመት በኋላ ኒውዮርክ ላይ አንድ ሙዚየም አሥር ሥዕሎቿን ሰቀለ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሁሉ ተገለባበጠ። አንዱ ሥዕል በስምንት ሺህ ዶላር ተሸጠ፤ ሁለተኛው በዘጠና ሺህ። የኤልም ፎርክ ሰውም ከጓዳው፣ ከጎተራው፣ ከዶሮ ቤቱ የቴክላን ነገር እያወጣ አቧራውን ያራግፍ ጀመር። የቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ በዚያው ዓመት ማፍሰስ ሲጀምር ቦርዱ ተሰብስቦ «ሦስቱ በሮች ይሸጡ» አለ።

«ከነጨረቃዋ አራት መቶ ሺህ ዶላር» አለ ጁልየን ፕራት። «ገዢው በፎቶ አይቶ ተስማምቷል። ያለ ጨረቃ ግን...» ትከሻውን ነቀነቀ። «ሦስት በርና አንዲት ላም።»

«ቁልፉ ያለው በማርዴል እጅ ብቻ ነው!» አለ ዋርድ። «በር አልተሰበረ፣ መስኮት አልተሰበረ! ሌላንድ፣ ምን ትጠብቃለህ?»

ማርዴል መጠቅለያውን አጣጠፈች።

የሌላንድ አለቃ ሸሪፉም በስልክ ያለው ያንኑ ነው። እስከ ረቡዕ ቀን ስድስት ሰዓት ሌላ ሰው ካልተገኘ ማርዴል ሺፍ በከባድ የንብረት ማበላሸት ትከሰሳለች። ጡረታ ለመውጣት አሥራ ሦስት ወር የቀራት ሴት፣ በሕይወቷ ጸያፍ ቃል ወጥቷት የማያውቅ ሴት፣ ወህኒ ቤት ልትገባ ነው።

---

ሌላንድ መጀመሪያ የጠረጠረው ሥዕሉ በሐሰተኛ ተለውጧል ብሎ ነው። በአካባቢው ብሩሽ የሚይዝ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ በጎተራ ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ የሚጽፈው ድዌይን ብሎም። ሄዶ መሰላል ላይ አገኘው።

«ድዌይን፣ የቴክላን ሥዕል መቅዳት ትችላለህ?»

«እኔ?» አለ ድዌይን ከላይ ሆኖ። «ባለፈው ወር አሳማ ስዬ ባለቤቱ 'ይቺን አክስቴን ማን ስሏት ነው' ብሎኛል።»

ሌላንድ ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ። እውነትም አክስት ይመስላል።

ቤተ መጻሕፍቱ ሲመለስ ጁልየን ፕራትም ሥዕሉን ገልብጦ አሳየው። ቴክላ ስሟን አትጽፍም ነበር፤ ከጀርባው በአረንጓዴ ቀለም አውራ ጣቷን ታትማለች። ጣቷ ላይ የቢላ ጠባሳ አለ፤ ያንን ማንም አስመስሎት አያውቅም።

«ሥዕሉ ራሱ ነው» አለ ገማቹ። «ደግሞ አንድ የማይገባኝ ነገር አለ። ጨረቃዋ የነበረችበት ቦታ አልተፋቀም። ከሥሯ ያለው የማንጸባረቂያ ቅብ፣ ቫርኒሹ፣ ጭረት የለበትም። ይህ ማለት ጨረቃዋ የተሳለችው ከቫርኒሹ በላይ ነው።»

«ታዲያ ምን ክፋት አለው?»

«ቫርኒሽ መጨረሻ ነው የሚቀባው መርማሪ። ከሱ በላይ የሚስል ሠዓሊ፣ ቤቱን ሠርቶ ሲያበቃ ከጣሪያው ላይ አልጋ እንደሚያነጥፍ ሰው ነው።»

«ቴክላ ናት» አለ ሌላንድ።

ከአካባቢው ጋዜጣ ያገኘው ፎቶ ሰዓቱን አጠበበለት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከተማው በሙሉ ሥዕሉን ለመሸኘት ምግብ እየያዘ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ መጥቶ ነበር። በሰባት ሰዓት በተነሳው ፎቶ ላይ ጨረቃዋ ከዋርድ ሆክስትራ ራስ በላይ ቁጭ ብላለች። ማርዴል በአሥራ አንድ ሰዓት በሩን ቆለፈች። ሰኞ በሦስት ሰዓት ጨረቃዋ የለችም።

ማርዴልን ምድር ቤት አገኛት።

«ማርዴል፣ እሑድ ሰዉ ከወጣ በኋላ የት ነበርሽ?»

«እዚሁ። ሳህን ሳጥብ።»

«ለብቻሽ?»

«ኬክ ተርፏል፤ ትበላለህ?»

«ማርዴል!»

«የፖም ነው። ደርቆ ይሆናል እንጂ ጥሩ ነው።»

ሌላንድ ባርኔጣውን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። «ስሚኝ። እኔና አንቺ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ነው ፊደል የለየነው። ረቡዕ መጥቼ እጅሽን ካቴና ውስጥ እንድከት አታድርጊኝ። አንቺ ነሽ የወሰድሻት?»

«አልወሰድኳትም።»

«ታዲያ ማን ወሰዳት?»

ማርዴል ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ማንም አልወሰዳትም፣ ሌላንድ» አለች። ከዚያ በኋላ ስለ ኬኩ ካልሆነ ስለ ሌላ ነገር አፏን አልከፈተችም።

---

ማክሰኞ ቀትር ላይ ሌላንድ ለብቻው ከሥዕሉ ፊት ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ጉሙ እስከ መስኮቱ መጥቷል። ዓይኑን ለአፍታ ጨፈነ፤ ወይም የጨፈነ መሰለው። ሣሩ ላይ ቆሟል። ላሚቱ ዞር ብላ አየችውና ቦታ ለቀቀችለት። መካከለኛውን በር አንኳኳ። ከወዲያ በኩል እናቱ የወተት ባልዲ ስታጥብ ይሰማዋል፤ ጨርቁ ቆርቆሮውን ሲፈገፍግ፣ ውኃው ሲንጠባጠብ። «እናቴ፣ ክፈችልኝ» ሊል ሲል ነቃ።

አፍንጫው ሥር፣ መጻሕፍት በሚመለሱበት ጠረጴዛ ስንጥቅ ውስጥ፣ ነጭ ዱቄት አለ። በጣቱ ነካ አድርጎ ቀመሰው።

ሶዳ ነው፤ ዕቃ የሚታጠብበት ዱቄት።

የሌላንድ እናት ሠላሳ ላም ታልብ ነበር። ባልዲ ላይ የደረቀ ወተት በሳሙና እንደማይለቅ፣ ሶዳ ካለበት ለብ ያለ ውኃ ጋር ሲገናኝ ግን ተንሸራትቶ እንደሚወርድ በዚያ አገር የሚያድግ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ቴክላ ደግሞ የምትኖረው አይብ ፋብሪካ ውስጥ ነበር። አይብና ኖራ ደባልቃ ቀለም እንደምትሠራ፣ ድመቶቿም ሥዕል እንደሚልሱባት ሲወራ ሰምቷል። ጨረቃዋ የወተት ጨረቃ ነበረች! ማንም አልፋቃትም፤ ማንም አልቀባባትም። አንድ ሰው በሶዳ ውኃ አጥቧት ሄዷል።

ሶዳውን ወደ ግብዣው ይዞ የመጣ ማን ነው?

በኤልም ፎርክ ሰው የጎረቤቱን ልደት ይረሳል፣ የሠርጉን ቀን ይረሳል፤ ግብዣ ላይ ማን ምን ይዞ እንደመጣ ግን እስከ መቃብሩ አይረሳም። ሁሉም ከምግቡ ዕቃ ሥር ስሙን በፕላስተር ለጥፎ ነው የሚያመጣው። በባዶ እጅ መምጣት በባዶ እግር ወደ ሠርግ ከመሄድ ይብሳል። ሌላንድ የጋዜጣውን ፎቶ ይዞ ቤት ለቤት ዞረ፤ ጥያቄውም አንድ ብቻ ነበር፦ «እሑድ ምን በላህ?»

«የዋርድ ሚስት ያመጣችውን ቋሊማ በጎመን። ጨው በዝቶበታል፤ እንዳትነግራት።»

«ካሮት የገባበትን አረንጓዴ ጄሎ፣ ያንን የሚንቀጠቀጥ ጣፋጭ። ማን እንደሠራው አልናገርም፤ እግዜር ይቅር ይበላት።»

«መኮሮኒ በቱና። ሦስት ጊዜ።»

ፎቶው ላይ ሃያ አራት ዕቃ አለ። ሌላንድ እየጠየቀ እየሰረዘ እየጠየቀ እየሰረዘ ሃያ ሦስቱን አጠፋ። ከጠረጴዛው ጫፍ ያለች፣ ክዳን ያላት አንዲት ሰማያዊ ጎድጓዳ ሳህን ብቻ ቀረች። ከእሷ የበላ ሰው አልተገኘም። ምን እንዳለባት ያየም የለም።

ረቡዕ ጠዋት በሁለት ሰዓት ድዌይንን እንደገና መሰላል ላይ አገኘው።

«ይቺ ሳህን የማን ናት?»

ድዌይን ፎቶውን ተቀብሎ አየ። «የወይዘሮ ኦርፋ ናታ! ክዳኗን ልከፍት ብዬ እጄን በማንኪያ መታችኝ። 'የሚበላ አይደለም፣ ሂድ' አለችኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ? ትናንት እስኪመሽ ከተማውን ስዞር!»

«ባዶ ሳህን ይዛ መጣች ብዬ እንዴት ልናገር?» አለ ድዌይን ተቀይሞ። «የሰማንያ ዘጠኝ ዓመት ሴት ናት። ማን ያላየ አለ? ሁላችንም አይተን ነው ያላየነው።»

---

ኦርፋ ክቫሌ ከማርዴል በፊት ቤተ መጻሕፍቱን ሠላሳ አምስት ዓመት ያስተዳደረች ናት። ቤቷ አልነበረችም። ጎረቤቷ «መቃብር ሄዳለች» ስትለው ሌላንድ ክው አለ፤ ሴትየዋ ግን «በእግሯ ነው የሄደችው ባክህ» ብላ ሳቀችበት።

የመቃብሩ ኮረብታ ከጉሙ በላይ ነው። ወደ ታች ሲያዩት ከተማው የለም፤ ነጭ ባሕር ብቻ አለ፤ ከባሕሩ ውስጥ ላም ትጮኻለች። ወይዘሮ ኦርፋ በትር ተደግፋ ከቴክላ መቃብር አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ድንጋዩ ከአናቱ እስከ ሣሩ ድረስ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል፤ ነጭ ነው፤ ደርቋል።

«ሌላንድ ነህ?» አለች ዞር ሳትል። «እናትህም እንዲሁ እግሯን እየጎተተች ነበር የምትሄደው። ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። «ወይዘሮ ኦርፋ፣ የቴክላን ጨረቃ የሰረቀ ሰው እየፈለግኩ ነው።»

«አትድከም። የሰረቀ የለም።»

«መተው አልችልም እኮ! ከሦስት ሰዓት በኋላ ማርዴልን ላስር ነው።»

አሮጊቷ አሁን ዞረች። «ማርዴልን? ለምን?»

«ጨረቃዋን አበላሽታለች ተብሎ። አልሰሙም?»

«ከልጅ ልጄ በቀር የሚያወራኝ ማን አለ? እሱም ስለ በረዶ ሆኪ ብቻ ነው።» በትሯን መሬት ላይ መታች። «ይቺ ቂል! ወንበር አምጪልኝ አልኳት እንጂ ታሰሪልኝ አልኳት? ምን ብላ ነው ዝም ያለችው?»

«እርስዎን ፈርታ ሳይሆን ለእርስዎ ፈርታ ይመስለኛል።»

ወይዘሮ ኦርፋ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችው። በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ክረምት የቴክላ ጣሪያ በበረዶ ተደረመሰ። ያን ክረምት ብርዱ ከመክፋቱ የተነሳ ሰው የሚናገረው ቃል አየር ላይ ይረጋ ነበርና፣ መጋቢት ላይ ሲቀልጥ ከተማው በአሮጌ ወሬ ተጥለቀለቀ። ኦርፋ ቴክላን ከነድመቶቿ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አስተኛቻት። በጸደይ ስትወጣ ቴክላ ሦስቱን በሮች ይዛ መጣች።

«እንዲህ አለችኝ፦ 'ሥዕሉ የናንተ ነው፤ ጨረቃዋ ግን የኔ ናት። እዚህ እስካላችሁ ድረስ ታብራላችሁ። የሸጣችሁት ቀን ጨረቃዬን መልሱልኝ።' ሥዕል ለሰጠችው ሰው ሁሉ እንዲሁ ትል ነበር። ለዚህ ነው ከቫርኒሹ በላይ የምትስላት፤ በሶዳ እንድትለቅ። ሌላው ይስቅ ነበር። እኔ ግን እሺ ብዬ ጨበጥኳት። የጨበጥኳት በዚህች እጄ ነው።»

«እና እሑድ...»

«ሰዉ ከወጣ በኋላ ማርዴልን አንዴ ልሰናበተው አውርጂልኝ አልኳት። አወረደችልኝ። ወንበር ይዛ ስትመለስ አጥቤ ጨርሻለሁ። ጮኸች፤ አለቀሰች። እኔ ጨርቁን በሳህኔ ይዤ እዚህ መጣሁና ድንጋዩ ላይ ጨመቅኩት።» ነጩን ድንጋይ አየች። «ማንም አልሰረቀም ልጄ። ተመለሰች እንጂ።»

ሌላንድ ወደ ሸለቆው አየ። ከታች ጉሙ ውስጥ ላሚቱ ደግማ ጮኸች። ለአንዳፍታ ሦስት በሮች ነጩ ባሕር ላይ ቆመው ያየ መሰለው።

«አቶ ዋርድ ፊት ይህንን ይደግሙልኛል?» አለ በመጨረሻ።

«ዋርድ ፊት? ሌላም እጨምርበታለሁ።»

---

ስድስት ሰዓት ሊሞላ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ወይዘሮ ኦርፋ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ቆማ ደገመችው። ማርዴል ፊቷን በመሐረብ ሸፍና ታለቅሳለች። ዋርድ ሆክስትራ ፊቱ ቀልቶ፣ ከዚያ ገርጥቶ፣ ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። ሌላንድ ለሸሪፉ ደወለና፣ ቤተ መጻሕፍቱ ሥዕሉን ሲቀበል ጨረቃዋን አልተቀበለም፤ ስለዚህ የራሱ የሆነ ነገር አልጠፋበትም አለ። ሸሪፉ «ማርዴልን ተዋት፤ ለኔም አታስረዳኝ» ብሎ ዘጋ።

ጁልየን ፕራት ቀለም የሚመረምርበትን ሐምራዊ መብራት አብርቶ ሥዕሉ ላይ አዞረው። ባዶው ሰማይ ላይ እንደ ትንፋሽ የሳሳ ክብ ታየ።

«አራት አሉ» አለ ቀስ ብሎ። «ጨረቃ የሌላቸው የቴክላ ሥዕሎች። ገበያ ላይ እንደ ጉድለት ቆጥረን በርካሽ ነበር የምንገምታቸው። ለካ ቃላቸውን የጠበቁ ሰዎች ቤት የነበሩት እነሱ ናቸው።» ስልኩን አውጥቶ ወደ ጥግ ሄደ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሲመለስ የሐር ስካርፉ ተፈቷል። ገዢው ታሪኩን ሰምቶ ስድስት መቶ ሺህ እከፍላለሁ ብሏል፤ ወይዘሮ ኦርፋ ታሪኩን በእጇ ጽፋ ከፈረመችለት።

«እጄ ይንቀጠቀጣል» አለች ኦርፋ። «ማርዴል ትጻፈው፤ እኔ እፈርማለሁ። አሁን ያንን ኬክ አምጪው።»

ኬኩ ደርቆ ነበር። አራቱም በሉት።

ሌላንድ ወደ ጣቢያው ሲመለስ በሩ ላይ ሰው ተሰልፏል። የጥርስ ሐኪሙ ልጅ አለች። የጎማ ነጋዴው አለ። ከኋላ ያሉት በጉሙ ውስጥ ስለሆኑ ስንት እንደሆኑ አይታወቅም፤ የሚታየው ሲጋራቸው ብቻ ነው። ከሰልፉ ፊት ባርኔጣውን በሁለት እጁ የጨበጠ ዋርድ ሆክስትራ ቆሟል።

«አቶ ዋርድ፣ ምን ልርዳዎት?»

«እጄን ልሰጥ ነው የመጣሁት» አለ ዋርድ። ያ ትልቅ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ። «በዘጠና አራት ዓመተ ምሕረት፣ አባቴ ለወተት የተቀበለውን ሥዕል ከነጨረቃው ሸጬ የበረዶ መጥረጊያ መኪና ገዛሁበት። አባቴ እሺ ብሎ ቴክላን ጨብጧት ነበር። አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ።»

ሌላንድ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ቅጽ አወጣ። እስክሪብቶውን ሞከረው።

«የተወሰደው ንብረት ዓይነት?»

«ጨረቃ።»

«ሙሉ ነበረች ወይስ ግማሽ?»

ዋርድ ወደ ኋላ ዞሮ ሰልፉን አየ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሁለት ነበሩ» አለ።